ፓይለት ሽጉጥ ይታጠቅ ወይስ በሩ ይበቃል? የኮክፒት ጥበቃ አማራጮች ሲነጻጸሩ

ፓይለት ሽጉጥ ታጥቆ ይበራል ሲባል መጀመሪያ የሰማ ሰው ወይ ይስቃል ወይ ይደነግጣል፣ አሜሪካ ውስጥ ግን ከ2003 ጀምሮ ያለ ነገር ነው (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)፣ ህግ ወጥቶለት፣ መንግስት አሰልጥኖ፣ ሽጉጡንም ራሱ መንግስት ሰጥቶ። ከዋሽንግተን ወደ አትላንታ ስትበሩ በማይክ ሰላም የሚላችሁ ካፒቴን ወገቡ ላይ መሳሪያ ይኑር አይኑር አታውቁም፣ እንድታውቁም አይፈለግም፣ ስንቱ እንደታጠቀም ቁጥሩ ሚስጥር ነው። ክርክር ሲነሳ ደግሞ ሰው ሁሉ ሽጉጡ ላይ ብቻ ይጣበቃል፣ አንዱ ካፒቴን መታጠቅማ አለበት ይላል፣ ሌላው ኧረ አውሮፕላኑ ይፈነዳል ይላል፣ ከምን ጋር እያወዳደርን ነው የሚለውን የሚያነሳ ግን የለም። በር አለ፣ ከበሩ ፊት የሚገባ ሁለተኛ በር አለ፣ ካቢን ውስጥ የሚቀመጥ ታጣቂ ጥበቃ አለ፣ ቴዘር (በኤሌክትሪክ የሚያደነዝዝ መሳሪያ) አለ፣ ሁሉም ገንዘብ ይጠይቃሉ ሁሉም የራሳቸው ጣጣ አላቸው።

እኔ ሳወዳድር ሁለት ነገር ነው የምጠይቀው። አንደኛ አደጋው ከየት ነው የሚመጣው፣ ከካቢን (መንገደኛው ካለበት) ወደ ኮክፒት (ፓይለቶቹ ወዳሉበት ክፍል) ነው ወይስ ኮክፒት ውስጥ ከተቀመጠው ሰውዬ? ሁለተኛ ደግሞ ጠላፊ የሚባል ነገር በሌለበት ተራ ቀን፣ ማለትም ሁሌም ማለት ይቻላል፣ ያ መከላከያ የተባለው ነገር ራሱ ምን ጉዳት ያመጣል? ይቺን ሁለተኛዋን ጥያቄ ብዙ ሰው ይዘላታል፣ ለኔ ግን ሽጉጡን ወደ ዝርዝሩ ታች የምታወርደው እሷ ነች።

መጀመሪያ በሩ

ከሴፕቴምበር 11፣ 2001 በፊት (እኛ የ1994ን እንቁጣጣሽ ስናከብር የዋልንበት ቀን) የኮክፒት በር ጠንከር ያለ ሰው በትከሻው ገፍቶ የሚገባበት ቀላል በር ነበር። ስልጠናውም ጠላፊ ከመጣ እሺ በሉት፣ የፈለገበት አድርሱት፣ ድርድሩ መሬት ላይ ነው የሚል ነበር፣ ምክንያቱም እስከዛ ድረስ ጠላፊ የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ጥገኝነት ወይ ገንዘብ ወይ እስረኛ ማስፈታት ነበር የሚፈልገው እንጂ አውሮፕላኑን ይዞ ህንጻ ውስጥ መግባት አልነበረም። ያ አስተሳሰብ በአንድ ጠዋት አበቃ፣ አሜሪካም ለመንገደኛ አውሮፕላኖች ጥይት የማይበሳው የተጠናከረ በር እስከ ኤፕሪል 9፣ 2003 እንዲገጠም አዘዘች፣ ዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት አይካኦ ደግሞ ለዓለም አቀፍ በረራ ከኖቬምበር 2003 ጀምሮ ግዴታ አደረገው። ከውጪ ኮድ የሚጫንበት ቁልፍ አለው፣ ከውስጥ ያለው ፓይለት ግን ኮዱን ውድቅ ማድረግ ይችላል።

በሩ አይደክመውም፣ አይናደድም፣ ፍቺ ላይ አይደለም፣ አይጠጣም። ተራ ቀን ላይ የሚያመጣው ጉዳት የለም ለማለት ይቻላል። የለም አላልኩም፣ ማለት ይቻላል ነው ያልኩት፣ ምክንያቱም ሁለት ቀዳዳ አለው።

አንዱ ቀዳዳ ሽንት ቤት ነው። ፓይለትም ሰው ነው፣ ረጅም በረራ ላይ በሩ ለቡና፣ ለምግብ፣ ለሽንት ቤት ይከፈታል፣ እነዛ ጥቂት ሰከንዶች ላይ ያ ሁሉ ብረት ዋጋ የለውም። ሁለተኛው የባሰ ነው፣ በሩ ውስጥ ያለውን ሰው ነው የሚጠብቀው፣ ውስጥ ያለው ማንም ይሁን ማን። ይሄን ለሀበሻ ማስረዳት አይከብድም፣ በፌብሩዋሪ 2014 የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 702 ከአዲስ አበባ ተነስቶ ወደ ሮምና ሚላን ሲሄድ ካፒቴኑ ሽንት ቤት ወጣ፣ ረዳት አብራሪው በሩን ቆለፈ፣ በቃ። 202 ሰው የያዘው ቦይንግ 767 የጣሊያንና የፈረንሳይ ተዋጊ ጄቶች እያጀቡት ጄኔቭ አረፈ፣ ረዳት አብራሪው በኮክፒቱ መስኮት በገመድ ወርዶ እጁን ሰጠና ጥገኝነት ጠየቀ። (የስዊስ አየር ሀይል ያኔ በስራ ሰዓት ብቻ ስለነበር የሚበረው ጎህ ሳይቀድ ማንንም አላስነሳም፣ ይሄ ቀልድ አይደለም።) ማንም አልሞተም እግዚአብሔር ይመስገን። ዓመት ካለፈው ብዙም ሳይቆይ በማርች 2015 የጀርመኑ አየር መንገድ ጀርመንዊንግስ ላይ ያው ነገር ሲደገም ግን ረዳት አብራሪው ካፒቴኑን ውጪ ቆልፎ አውሮፕላኑን ሆን ብሎ የፈረንሳይ ተራራ ላይ ከሰከሰው፣ 150 ሰው አለቀ። ካፒቴኑ ያን ጠንካራ በር ለመስበር ሞክሯል፣ አልቻለም፣ በሩ የተሰራው እንዳይሰበር ነዋ።

ከዛ በኋላ አውሮፓ ውስጥ ኮክፒት ውስጥ ሁሌ ሁለት ሰው ይኑር የሚል ምክር ወጣ፣ አንዱ ሲወጣ ሆስተስ ትገባለች ማለት ነው፣ በ2016 ግን ምክሩ ላላ፣ አየር መንገዱ ራሱ አይቶ ይወስን አሉ። አሜሪካ ውስጥ የሁለት ሰው ነገር ከድሮም የተለመደ ነው። ለኔ ይሄ ምንም ወጪ የሌለው ነገር ስለሆነ መላላቱ አልገባኝም፣ ሆስተሷ ፓይለት ማስቆም ባትችል እንኳን በሩን መክፈት ትችላለች።

ሁለተኛው በር፣ ማንም የማያወራለት

የሽንት ቤቷን ቀዳዳ የሚደፍን ነገር አለ፣ ሁለተኛ አጥር ይባላል፣ ዋናው በር ከመከፈቱ በፊት ከፊቱ የሚዘጋ ቀላል በር ወይ ሽቦ ነገር። የእስራኤሉ ኤል አል ሁለት በር ካደረገ ቆይቷል፣ አንዱ ሳይዘጋ ሌላው አይከፈትም። አሜሪካ ውስጥ ግን ለዓመታት ሲደረግ የነበረው ሆስተሷ የምግብ ጋሪዋን መተላለፊያው ላይ አጋድማ ከኋላው መቆም ነው፣ አይታችሁት ከሆነ እሱ ነው። ህጉ ለአዲስ አውሮፕላኖች በ2018 ወጣ፣ ኤፍኤኤ (የአሜሪካ አቪዬሽን ተቆጣጣሪ) ዝርዝሩን በ2023 ጨረሰው፣ በ2025 ክረምት መጀመር ሲገባው አየር መንገዶቹ ጊዜ ጠየቁና አንድ ዓመት ገደማ ተገፋ። ይሄ የሚመለከተው ወደፊት የሚመረቱትን ብቻ ነው፣ አሁን የሚበሩት በጋሪው ይቀጥላሉ።

ከሁሉም አማራጭ በብር ስትተምኑት ይሄኛው የሚበልጥ ይመስለኛል። አንዴ ይገጠማል፣ ስልጠና ብዙ አይፈልግም፣ ማንንም አይገድልም። ግን ስለ ሽጉጥ ማውራት ይጥማል፣ ስለ ሽቦ በር ማን ያወራል።

አሁን ወደ ሽጉጡ

ሀሳቡ ከ2001 ወዲህ የመጣ አይደለም። አሜሪካ በ1961 አየር መንገዱ ከተስማማና ፓይለቱ ከሰለጠነ መታጠቅ ይቻላል የሚል ደንብ ነበራት፣ የሚጠቀምበት ስላልነበረ ደንቡ በጁላይ 2001 ተሰረዘ፣ ልክ ከጥቃቱ ሁለት ወር በፊት፣ ሴራ የሚወዱ ሰዎች ይቺን ሲያገኙ አይለቋትም። ከጥቃቱ በኋላ የፓይለቶች ማህበራት ሽጉጥ ስጡን አሉ፣ የቡሽ አስተዳደር መጀመሪያ እምቢ አለ፣ የትራንስፖርት ሚኒስትሩ ኖርማን ሚኔታም አልፈለጉትም፣ ምክር ቤቱ ግን በጁላይ 2002 310 ለ113 አሳለፈው፣ ሴኔቱም 87 ለ6። በኖቬምበር 2002 ህግ ሆነ፣ በኤፕሪል 2003 ከ40 በላይ የሆኑ የመጀመሪያዎቹ ጆርጂያ ውስጥ ሰልጥነው ተመረቁ፣ በዛው ዓመት መጨረሻ ደግሞ ለካርጎ ፓይለቶችም ተፈቀደ። ፕሮግራሙን የሚመራው ቲኤስኤ (የአሜሪካ የትራንስፖርት ደህንነት መስሪያ ቤት) ነው፣ ስልጠናው አንድ ሳምንት ገደማ ነው፣ ስልጣናቸው ኮክፒት ውስጥ ብቻ ነው፣ ካቢን ውስጥ ሰው ቢደባደብ ሽጉጡን ይዞ ወጥቶ መገላገል አይችልም።

ደጋፊዎቹ የሚሉት ደካማ ክርክር አይደለም፣ በቅንነት ላስቀምጠው። አንደኛ ርካሽ ነው፣ ፕሮግራሙ በዓመት የሚወስደው ሀያ ምናምን ሚሊዮን ዶላር ሲሆን የኤር ማርሻሎቹ (ካቢን ውስጥ የሚቀመጡት ታጣቂ ጥበቃዎች) ግን ከ700 ሚሊዮን በላይ ነው። ሁለተኛ ፓይለቱ ለማንኛውም እዛው ተቀምጧል፣ ትኬት አይፈልግም። ሶስተኛ አጥቂው የሚመጣው በአንዲት ጠባብ በር ነው፣ ለሚከላከል ሰው ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም። አራተኛ ደግሞ ጠላፊው ማን እንደታጠቀ አያውቅም፣ ያ ራሱ ያስፈራል። እንዲሁም ሁለት መቶ ሰው በእጁ ያለ ሰው ሽጉጥ እንዴት አይታመንም የሚለው አለ፣ ይቺኛዋ ጥሩ ትመስላለች ግን ቆይታችሁ ታያላችሁ።

ስለ መፈንዳቱ ነገር መጀመሪያ እንገላገል፣ አንድ ጥይት የአውሮፕላኑን አካል ስለበሳ አውሮፕላን ፊልም ላይ እንደምናየው ተቦትርፎ ሰው እየመጠጠ አያወጣም። የካቢኑ አየር ሁሌም በአንድ ቫልቭ በኩል እየወጣ በሌላ በኩል እየተተካ ነው የሚሄደው፣ የጣት ያህል ቀዳዳ ቢጨመርበት ሲስተሙ ይቋቋመዋል። በ1988 ሀዋይ ላይ የአሎሃ በረራ 243 የፊተኛው ጣሪያው ተገሽልጦ ሄዶ እንኳን (አንዲት ሆስተስ ሞታለች) አርፏል። የኛው ታሪክም አለ፣ በዲሴምበር 1972 እነ ዋለልኝ መኮንንና ማርታ መብራቱ ከአዲስ አበባ የተነሳውን አውሮፕላን ለመጥለፍ ሲነሱ ውስጥ የነበሩት የጸጥታ ሰዎች ተኩስ ከፈቱ፣ ከሰባቱ ስድስቱ ሞቱ፣ የእጅ ቦምብም ፈንድቶ አውሮፕላኑን ጎድቶት ነበር፣ ያም ሆኖ ተመልሶ አዲስ አበባ አርፏል። ስለ ፖለቲካው እዚህ አልገባም፣ እያልኩ ያለሁት ጥይት በሳው ማለት ወደቀ ማለት አይደለም ነው። ኮክፒት ውስጥ ከተተኮሰ የሚያሳስበው ግድግዳው ሳይሆን ጥይቱ ረዳት አብራሪውን፣ የፊት መስታወቱን ወይ ሽቦና መሳሪያዎቹን ማግኘቱ ነው፣ እዛች ጠባብ ክፍል ውስጥ የማይጠቅም ነገር የለም።

እሺ ተራው ቀን ላይ ምን ይሆናል? ማርች 22፣ 2008። የዩኤስ ኤርዌይስ በረራ 1536፣ ኤርባስ ኤ319፣ ከዴንቨር ወደ ሻርለት፣ 124 መንገደኛ። ሊያርፉ እየወረዱ እያለ ፓይለቱ ሽጉጡን ሊያስቀምጥ ሲል ባረቀበት፣ ጥይቱ በግራ በኩል የአውሮፕላኑን ግድግዳ በስቶ ወጣ። ሰው አልተጎዳም፣ በሰላም አረፉ። አሁን ዋናው ነገር ለምን ባረቀ የሚለው ነው። ደንቡ ፓይለቱ ከኮክፒት ከመውጣቱ በፊት ሽጉጡ እንዲቆለፍ ያዝ ነበር፣ ስለዚህ የሽጉጡ ማህደር ላይ ጓጉንቸር የሚያልፍበት ቀዳዳ ተሰርቶለት ነበር፣ ጓጉንቸሩ የሚያልፈው በምላጩ አካባቢ ነበር፣ ሽጉጡ ማህደሩ ውስጥ ትንሽ ከፍ ብሎ ከተቀመጠ ጓጉንቸሩን ስትገፉት ምላጩን ሊስበው ይችላል። ጥይት የጎረሰ ሽጉጥ፣ ጨለማ ኮክፒት፣ የማረፊያ ሰዓት ጥድፊያ፣ ከዛ ምላጭ አጠገብ ብረት ማስገባት። ፓይለቶቹ ይሄ ነገር አንድ ቀን ያባርቃል እያሉ ከድሮ ጀምሮ ሲያማርሩ ነበር። ለጥንቃቄ ተብሎ የወጣው ደንብ ነው አደጋውን የወለደው ማለት ነው፣ ሰውዬው ሽጉጡን ወገቡ ላይ እንዳለ ቢተወው ኖሮ አይባርቅም ነበር። ፖሊስ ጠዋት ይታጠቃል ማታ ይፈታል፣ እዚህ ግን በቀን አራት በረራ ያለው ፓይለት በየበረራው ሲያስር ሲፈታ ሲቆልፍ ይውላል፣ ይሄ በየቀኑ በመላ አገሪቱ ስንት ጊዜ እንደሚደጋገም ስታስቡት አንድ ብቻ መታወቁ ይገርማል።

ቀጥሎ መሳሪያው የማን ነው የሚለው ይመጣል። ኖቬምበር 23፣ 1996ን የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ፣ በረራ 961፣ ካፒቴን ልዑል አባተና ረዳት አብራሪ ዮናስ መኩሪያ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ። ሶስት ወጣቶች ኮክፒት ገብተው ዮናስን ደብድበው አስወጡት፣ እዛው ኮክፒት ውስጥ ለእሳት አደጋ የተሰቀለውን መጥረቢያና የእሳት ማጥፊያውን ያዙ፣ አስራ አንድ ነን ቦምብም ይዘናል አሉ፣ ቦምብ የተባለው በኋላ የተሸፋፈነ የመጠጥ ጠርሙስ ሆኖ ተገኘ። አውስትራሊያ ውሰደን አሉ፣ ነዳጁ አይደርስም ሲላቸው አላመኑትም፣ አልቆ ኮሞሮስ ባህር ዳርቻ ላይ ወደቀ፣ ከ175 ሰው 125ቱ ሞቱ። ዮናስ ደሙ እየፈሰሰ ተመልሶ ገብቶ በመጨረሻው ሰዓት ካፒቴኑን አግዞታል። ልዑል ሽጉጥ ቢኖረውስ የሚል ሰው ሁሌም አለ፣ ሊሆን ይችላል፣ ያኔ በሩ የሚቆለፍ የሚመክት በር አልነበረምና ምናልባት አንዱን ይመታ ነበር። የሆነውን ካየን ግን ኮክፒት ውስጥ የነበረው መሳሪያ መጀመሪያ የገባበት እጅ የጠላፊዎቹ ነው። ፓይለት ፊቱን ወደፊት አዙሮ፣ ቀበቶ ታስሮ፣ ማዳመጫ ጆሮው ላይ አድርጎ ነው የሚቀመጠው፣ ከኋላ የመጣበትን ሰው ዞሮ እስኪያየው ድረስ ስንት ሰከንድ እንዳለው አስቡት።

ፓይለት ባዶ እጁን ነው ማለት ግን አይደለም። በሴፕቴምበር 1970 የኤል አል በረራ 219 ላይ የፍልስጤም ጠላፊዎቹ እነ ለይላ ኻሊድ ሲነሱ ካፒቴን ዑሪ ባር ሌቭ አውሮፕላኑን ድንገት ወደታች ደፋው፣ የቆመው ሁሉ ወደቀ፣ የታሰረው ቀበቶውን ይዞ ተረፈ፣ የጸጥታ ሰዎቹና መንገደኞቹም ጨረሱት፣ አንዱ ጠላፊ ተገደለ እሷ ተያዘች። ቀበቶ ያሰረ ሰው ቆሞ በሚሄድ ሰው ላይ ያለው ብልጫ ይሄን ያህል ነው፣ ይሄኛው መሳሪያ ደግሞ አይሰረቅም፣ አይባርቅም።

የመጨረሻው የሽጉጡ ችግር ለኔ ከባዱ ነው፣ ቅድም ያልኩት ሁለት መቶ ሰው በእጁ ያለ ሰው እንዴት አይታመንም የሚለው። በ2022 አንድ የአሜሪካ በረራ ላይ መንገደኛ ታመመና ካፒቴኑ ሌላ ከተማ እናርፍ አለ፣ በክሱ መሰረት ረዳት አብራሪው መንገድ ከቀየርክ ደጋግሜ እተኩስብሃለሁ ብሎ አስፈራራው፣ ሽጉጡ መንግስት በዚሁ ፕሮግራም የሰጠው ነው፣ ዩታ ውስጥ በኦክቶበር 2023 ክስ ተመሰረተበት። የበር ጠባቂዎቹ፣ ፍተሻው፣ ስካነሩ፣ ሁሉም የተሰሩት ከውጪ ለሚመጣ ነው። ያለፉትን ስታዩ ግን ከውስጥ የመጣም አለ፣ በ1987 ካሊፎርኒያ ውስጥ ከስራ የተባረረ ሰራተኛ በመታወቂያው ፍተሻ አልፎ ሽጉጥ አስገብቶ የፒኤስኤ አየር መንገድ በረራ 1771ን ከሰከሰው፣ 43 ሰው አለቀ፣ በ1994 ፌዴክስ 705 ላይ ራሱ የበረራ መሀንዲስ የሆነ ሰው ባልደረቦቹን በመዶሻ ቀጠቀጣቸው፣ በኦክቶበር 2023 ደግሞ ከስራ ውጪ የሆነ ፓይለት ኮክፒት ውስጥ ትርፍ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሞተሮቹን ሊያጠፋ ሞከረ። ከነዚህ ሁሉ ላይ ሽጉጥ ጨምሩበትና አስቡ። እርግጥ አውሮፕላን መጣል የፈለገ ፓይለት ሽጉጥ አያስፈልገውም፣ መሪው እጁ ላይ ነው፣ ይሄን አምናለሁ። ግን ሁለተኛው ፓይለት ያለው ለምንድነው፣ አንዱ ሲሳሳት ሌላው እንዲያስቆመው አይደል? አንዱ ብቻ ሲታጠቅ ያ ሚዛን ይዛባል፣ ፌዴክሶቹ ጭንቅላታቸው ተሰብሮ እንኳን ታግለው አውሮፕላኑን ያዳኑት ሰውዬው በእጁ መዶሻና የዓሳ ጦር ስለነበረ ነው።

ካቢን ውስጥ ያለው ጥበቃ

ኤር ማርሻል የሚባለው አሜሪካ ውስጥ ከስድሳዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ አለ፣ አውሮፕላን ወደ ኩባ መጥለፍ ሲበዛ የመጣ ነው። በሴፕቴምበር 11 ዕለት ግን በመላ አሜሪካ 33 ብቻ ነበሩ፣ ከዛ በሺዎች ሆኑ፣ ያም ሆኖ በቀን በአስር ሺዎች ለሚቆጠር በረራ ጠብታ ነው። ጥቅሙ ሰውዬው ስራው ያ ብቻ መሆኑ፣ ከበሩ ውጪ መቀመጡ፣ ወደ ኮክፒት የሚሄደውን ከኋላ ማየቱ ነው። ጉዳቱ ዋጋው ነው፣ እንዲሁም በዲሴምበር 2005 ሚያሚ ላይ እንደሆነው ቦምብ ይዣለሁ አለ የተባለን አንድ የአእምሮ ህመም የነበረበት መንገደኛ ተኩሰው ገድለው ቦምብ የሚባል ነገር አልተገኘም፣ እንደዚህ አይነት ነገር ይኖራል።

አየር መንገዱ ትንሽ ሲሆንና ስጋቱ ትልቅ ሲሆን ግን ይሄ አማራጭ ሌላ መልክ ይይዛል። ኤል አል ከ1968ቱ ጠለፋ በኋላ በየበረራው ጥበቃ ያስቀምጣል፣ በኖቬምበር 2002 ወደ ኢስታንቡል ሲበር ሰንጢ ይዞ የተነሳውን ሰው እዛው ወንበሮቹ መሀል ጥለው አስረውታል፣ ጥይት አልተተኮሰም። የኢትዮጵያ አየር መንገድም ያው ከድሮ ጀምሮ ሴኩሪቲ ያሳፍራል፣ የበረረ ሁሉ ያውቃቸዋል ወይም የትኛው ወንበር ላይ እንዳሉ ገምቶ ያውቃል።

ቴዘሩን በአጭሩ ልለፈው። ዩናይትድ ከ2001 በኋላ ኮክፒት ውስጥ ቴዘር ላስቀምጥ ብሎ ነበር፣ መንግስት ወደ ሽጉጡ ሲሄድ ቀረ። ኮሪያዎች ግን ሆስተሶቹ ጋር ቴዘር አላቸው፣ ኮሪያን ኤር በ2016 መጨረሻ አንድ ሰካራም መንገደኛ ካስቸገረ በኋላ አጠቃቀሙን አቅልሎታል። ለሰካራም ጥሩ ነው፣ ለሶስት ጠላፊ አይሆንም፣ አንዱን ስትመቱ ሁለቱ ደርሰዋል።

ታዲያ ማን የቱን ይምረጥ?

ዓለም አቀፍ መስመር ያለው አየር መንገድ ከሆነ፣ እንደኛው ማለት ነው፣ የፓይለት ሽጉጥ ገና ከመነሻው አይሰራም። በአንድ ሳምንት ውስጥ ናይሮቢ፣ ዱባይ፣ ለንደን፣ ጓንግዙ የሚያርፍ ፓይለት በየአገሩ ህግ ሽጉጡን ምን ያደርገዋል፣ ሆቴል ይዞት ይገባል? ለማን ያስረክባል? የአሜሪካው ፕሮግራም በዋናነት ለአገር ውስጥ በረራ የተሰራው በዚህ ምክንያት ነው። ለጥበቃ ሰራተኛም ከየአገሩ ጋር ስምምነት ያስፈልጋል፣ ግን ያ በመንግስት በኩል የሚያልቅ ነገር ነው፣ ሽጉጡም በአንድ ሰው ስራ ስር ነው። ለእንደዚህ አይነቱ በር፣ ሁለተኛ በር፣ ሁሌ ሁለት ሰው ኮክፒት ውስጥ፣ ከዛ ካቢን ውስጥ ጥበቃ፣ በዚህ ቅደም ተከተል እመርጣለሁ። የፓይለቶቹ የአእምሮ ጤና ክትትልም ሳይቀጡበት የሚናገሩበት መንገድ ከተገኘለት ከ702 አይነቱ ነገር የሚያድነው እሱ ብቻ ነው፣ በር አያድንም፣ ሽጉጥ አያድንም።

ለአሜሪካ የአገር ውስጥ መንገደኛ በረራ ሽጉጡ ያለው ይኑር ባይ ነኝ፣ ግን እንዲሰፋ አልፈልግም፣ ከበሩ በኋላ የመጨረሻ መስመር ነው፣ ለሁለተኛ በር የሚወጣውን ገንዘብና ትኩረት የሚሻማ ከሆነ ደግሞ ባይኖር ይሻላል። ካለም ወገብ ላይ ታስሮ ሳይነካ የሚውልበት ደንብ ይሁን እንጂ በየበረራው የሚቆለፍ አይሁን።

ሽጉጡ ከሁሉም ይበልጥ ስሜት የሚሰጠኝ ማንም ያላሰበው ቦታ ላይ ነው፣ ካርጎ። ብዙ የካርጎ አውሮፕላኖች ያን የተጠናከረ በር እንዲያስገቡ አይገደዱም፣ ሆስተስ የለም፣ የሚያግዝ መንገደኛ የለም፣ ማርሻል የለም፣ ከኋላ ትርፍ ወንበር ላይ የተቀመጠ አንድ ሰው ብቻ ሊኖር ይችላል፣ ፌዴክስ 705 ይሄ ነበር። እዛ በር ማስገባት ካልተቻለ ሌላው አማራጭ ምንድነው?

አሜሪካ ውስጥ የምትበሩ ልጆች ደግሞ ልመዝገብ አልመዝገብ እያላችሁ ከሆነ፣ ፈቃደኝነት ነው፣ ዜግነት ይጠይቃል፣ የስነ ልቦናና የጀርባ ምርመራ አለ፣ ስልጠናውና ሽጉጡ በመንግስት ነው፣ ለጉዞው ግን ከኪሳችሁ ልታወጡ ትችላላችሁ፣ ብዙዎቹ የእረፍት ቀናቸውን ነው የሚያቃጥሉት። በዓመት ሁለት ጊዜ ተኩሳችሁ ማለፍ አለባችሁ። አየር መንገዱ እንዳትመዘገቡ ሊከለክል አይችልም። ሽጉጡን ቤት ይዛችሁ ነው የምትገቡት፣ ስለዚህ ልጅ ያለው ሰው ከመመዝገቡ በፊት ስለ ሚስጥር ሳጥን (ስለ ካዝና ማለቴ ነው) ያስብ፣ ባለቤቱንም ያማክር፣ እሷ እምቢ ካለች ደግሞ ክርክሩን ከቲኤስኤ ጋር ሳይሆን ከሷ ጋር ይጨርስ።